የደከመ የላንድሮቨር ባሌስትራ፦ አሮጌውን አውርዶ አዲሱን በአግባቡ ለመግጠም

ከጅማ ወደ አጋሮም ሆነ ወደ ሸቤ በሚወስዱት መንገዶች ላይ አሮጌ ላንድሮቨሮች ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው። ሞተራቸው ተጠግኖ፣ ቀለማቸው ታድሶ ታያላችሁ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር ስታዩ ግን ባሌስትራው፣ ማለትም የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ተደራራቢ የቀስት ብረት፣ ቀስትነቱን ጥሎ ቀጥ ብሏል፣ አንዳንዱም ወደ ታች ተቀልብሷል። ይህ መመሪያ የተጻፈው እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1985 ለተሠሩት ሲሪስ ሁለትና ሲሪስ ሦስት ላንድሮቨሮች ነው። ባሌስትራ ያለው ሌላ አሮጌ መኪና የያዘ ሰውም አብዛኛው ይሠራለታል፤ የአክስሉና የማንጠልጠያው አቀማመጥ ግን ሊለይ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት የራሱን መኪና በደንብ ይመልከት።

ባሌስትራ ሥራው መንቀሳቀስ ነው። የተደረደሩት ብረቶች እርስ በርሳቸው ይንሸራተታሉ። ጭነት ሲመጣ ቀስቱ ይዘረጋል፣ ሲዘረጋም ይረዝማል። አንደኛው ጫፉ ከሻሲው ጋር ሲታሰር ሌላኛው በሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ላይ የሚሰቀለው ለዚሁ ርዝመት ቦታ ለመስጠት ነው። በየጋራዡ የሚደረገው ጥገና ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን እንቅስቃሴ የሚያግድ ነው። ተጨማሪ ብረት ይደረብበታል፣ ያረጀው ጎሚኒ (በብረት ቀለበቶች መካከል ያለ ጎማ፣ ብሎኑ የሚያልፍበት) ሳይለወጥ ብሎኑ ይጠብቃል፣ አዲሱ ባሌስትራ አክስሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ይታሰራል። መኪናው ከፍ ስላለ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ሻሲው መሰንጠቅ ይጀምራል፣ ጎሚኒውም ይቀደዳል። እዚህ የተጻፈው ሁሉ ባሌስትራው እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ አድርጎ ለመግጠም ነው።

ደክሞ እንደሆነ ማረጋገጥ

መኪናው አንድ ጎኑን ሲጥል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለውጠው ሾክ አብዞርበሩን ነው። ሾክ አብዞርበር ክብደት አይሸከምም፤ የሚያደርገው ውዝዋዜን ማብረድ ብቻ ነው። ያዘነበለ መኪና ክሱ በባሌስትራው ወይም በሻሲው ላይ ነው።

መኪናውን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ያቁሙ። የአራቱም ጎማ ነፋስ በመኪናው መጽሐፍ ልክ ይሁን። ከዚያ ከአክስሉ ቧንቧ እስከ ሻሲው የታችኛው ጠርዝ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለክተው ይጻፉ። ከጎማው በላይ ካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ አይለኩ። የላንድሮቨር አካል በብሎን የተያያዘ አልሙኒየም ስለሆነ ባለፉት ዓመታት ተፈቶ ሲገጠም ከቦታው ሳይዛነፍ አይቀርም፤ ያሳስትዎታል።

ቀጥሎ ጭነት ይሞክሩ። ቡና በሚመዘንበት አገር ይህ ቀላል ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ስለሆነ 20 ፈረሱላ 340 ኪሎ ይሆናል። ይህን ያህል የተመዘነ ነገር ከኋላ አክስሉ በላይ እኩል አድርገው ይደርድሩና እንደገና ይለኩ። አንዱ ጎን ከሌላው ጎልቶ ከወረደ ያኛው ደክሟል ማለት ነው። ሁለቱም እኩል ወርደው አክስሉ ሻሲው ላይ ያለውን የመምቻ ጎማ ሊነካ ከተቃረበ ሁለቱም ደክመዋል።

በዓይንም የሚታይ አለ። በመሀል ፔርኖው (ብረቶቹን መሀል ላይ አንድ ላይ በሚያስረው ብሎን) አካባቢ የተሰነጠቀ ብረት፣ የአጭሩ ብረት ጫፍ በረጅሙ ላይ የቆፈረው ጎድጓዳ፣ በብረቶቹ መካከል ተጠቅጥቆ የደረቀ ቀይ ጭቃና ዝገት ይፈልጉ። የፊትና የኋላ ጎማ መሀል ለመሀል ያለውንም ርቀት በሁለቱም ጎን ይለኩ። አጭሩ ሞዴል 88 ኢንች፣ ረጅሙ 109 ኢንች ሲሆን ይህም በቅደም ተከተል ወደ 2.24 እና 2.77 ሜትር ነው። ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚያሳስበው። ግልጽ ልዩነት ካለ የመሀል ፔርኖው ተቆርጦ አክስሉ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ መኪና እስኪጠገን ድረስ መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።

ምን ይገዛል

ዕቃው ጅማ ካልተገኘ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መፈለግ የተለመደ ነው። ከመሄድዎ በፊት የመኪናውን ርዝመት፣ ሞተሩ ቤንዚን ይሁን ናፍጣ፣ የፊት ይሁን የኋላ እንደሚፈልጉ ይጻፉ። አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ይጠይቁ። በእነዚህ መኪኖች የሾፌሩ ጎን ባሌስትራና የተሳፋሪው ጎን ባሌስትራ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ለሾፌሩ ጎን የታሰበው ቀስቱ ከፍ ያለ ነው። መሪው በቀኝ ከሆነበት አገር የመጣ ዕቃ ላይ “ቀኝ” የሚል ካለ እኛ ዘንድ ቦታው ግራ ነው። ስለዚህ ግራና ቀኝ እያሉ ሳይሆን የሾፌርና የተሳፋሪ እያሉ ይግዙ።

ሁልጊዜ በጥንድ ይለውጡ። አንዱን አዲስ፣ አንዱን አሮጌ አድርጎ መግጠም መኪናውን በፍሬን ጊዜ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል።

የብረቱን ውፍረት በካሊፐር ይለኩ። የአንድ ብረት ጥንካሬ በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። 6 ሚሊ ሜትር የነበረው ብረት በ8 ሚሊ ሜትር ቢተካ ጭማሪው ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን ከእጥፍ በላይ፣ ወደ 2.4 እጅ ይሆናል። ከሌላ ከባድ መኪና ተቆርጦ የመጣ ብረት ላንድሮቨር ላይ ሲደረብ የሚሆነው ይኸው ነው። ባሌስትራው አልታጠፍ ስለሚል መንገዱ የሚመታውን ሁሉ የሚቀበለው ሻሲው ይሆናል። “ብረት እንጨምርበት” የሚል ምክር ሲመጣ እምቢ ይበሉ።

አሮጌውን እንደገና ማቅናትስ? ብረቶቹ ካልተሰነጠቁና ካልሳሱ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው በቀዝቃዛው፣ በመዶሻ ወይም በፕሬስ ቀስቱን ቀስ በቀስ ሊመልሰው ይችላል። በከሰል እሳት አቅልቶ ማጠፍ ግን የብረቱን ጠባይ ያጠፋዋል። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ወደ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ ከዚያ እንደገና ወደ 450 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ ነው። ይህን ሙቀት የሚለካ ምድጃ የሌለው ሰው እሳት ባይነካው ይሻላል። ባሌስትራ ላይ ብየዳም ፈጽሞ አይደረግም።

ከባሌስትራው ጋር አዲስ ጎሚኒዎች፣ ማንጠልጠያዎች ከነብሎኖቻቸው፣ ዩ ቦልቶች (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የ“U” ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች) ከነዳዶዎቻቸው ይገዙ። ዩ ቦልት ሲጠብቅ ይለጠጣል፤ አንዴ የተለጠጠው ደግሞ ሲታሰር እንደ ፊቱ አይዝም። በባሌስትራው ዋጋ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። አልሙኒየሙ አካል ስለማይዝግ መኪናው ጤነኛ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው የብረት ሻሲ ግን ውስጡ ክፍት ሳጥን ስለሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ስለዚህ ባሌስትራው የሚታሰርባቸውን ቦታዎች ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው በትንሽ መዶሻ ይምቱ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ድፍን ድምፅ ከሰጠ ወይም ከጎደጎደ መጀመሪያ ሻሲውን ያስጠግኑ። በበሰበሰ ሻሲ ላይ የተገጠመ አዲስ ባሌስትራ ማሰሪያውን ነቅሎ ይወጣል።

ብሎኖቹን ሁሉ ከሥራው በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ በዝገት ማላቀቂያ ዘይት ያርሱ። መፍቻው የኢንች መሆን አለበት። የ3/4 ኢንቹ 19.05 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ19 ቁጥር ይሠራል፤ የ1/2 ኢንቹ ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ13 ቁጥር መፍቻ ከሞከሩት ጥርሱ ይበላል።

ጊዜውንም ይምረጡ። ሥራው ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ፣ የቡና ለቀማና የጭነት ወራት ከመጠንከራቸው በፊት ቢያልቅ መልካም ነው።

ማንሳትና መደገፍ

ከሁሉም በላይ አደጋ ያለው እዚህ ነው፤ እባክዎ በጥሞና ያንብቡት። የእነዚህ ላንድሮቨሮች የእጅ ፍሬን እንደ ሌላው መኪና ጎማዎቹን አይዝም። የሚይዘው ከካምቢዮው ጀርባ ወደ ኋላ አክስል የሚሄደውን ዘንግ ነው። ከኋላ አንድ ጎማ ከመሬት ሲነሳ ዲፈረንሻሉ ያንን ጎማ እንዲዞር ስለሚፈቅድለት፣ የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተስቦም ቢሆን መኪናው ይንከባለላል። ከሥሩ የተኛ ሰው አለ ማለት ነው እንግዲህ።

ስለዚህ የፊት ጎማዎችን በፊትም በኋላም በእንጨት ወይም በድንጋይ ይከልክሉ። አንደኛ ማርሽና አራቱን ጎማ የሚያንቀሳቅሰውን ማርሽ ያስገቡ፤ የፊት ጎማ መሀል ላይ የሚቆለፍ ዓይነት ካለው ይቆልፉት። መሬቱ ሲሚንቶ ካልሆነ ከመቆሚያዎቹ ሥር ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ። የጅማ ቀይ አፈር ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ርጥብ ከሆነ የብረት እግር ይውጣል።

ከኋላ እንጀምር። ክሪኩን ከዲፈረንሻሉ ሥር አድርገው ያንሱ። ባለ ሦስት እግር የብረት መቆሚያዎችን ከሻሲው ሥር፣ ባሌስትራው ከሚታሰርበት የፊተኛው ጫፍ ትንሽ ወደፊት፣ በግራና በቀኝ ያስቀምጡ። ከዚያ መኪናው መቆሚያዎቹ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ክሪኩን ያውርዱ። ክሪኩ ግን ከአክስሉ ሥር አይወጣም፤ አክስሉን ደግፎ ይቆያል። መኪናውን በእጅ ገፋ ገፋ አድርገው ሳይነቃነቅ እንደቆመ ካረጋገጡ በኋላ ጎማዎቹን ይፍቱ።

ሲፈታ

አንድ ጎን ብቻ ይፍቱ። ሌላኛው ሳይነካ አክስሉን በቦታው ይጠብቅልዎታል፣ አሠራሩንም እያዩ ይመልሱታል።

በመጀመሪያ የሾክ አብዞርበሩን የታችኛውን ጫፍ ያላቅቁ። ከሻሲው ወደ አክስሉ የሚወርደውን የፍሬን የጎማ ቱቦ ይመልከቱ፤ አክስሉ ሲወርድ ቱቦው መወጠር የለበትም። ከአክስሉ ጋር ተጠግቶ የሚያልፍ ቀጭን የፍሬን ቧንቧም አለ፤ ዩ ቦልቱ ሲወጣና ሲገባ እንዳይጨፈልቀው መንገዱን በኖራ ምልክት ያድርጉበት።

ዩ ቦልቶቹ ስለሚለወጡ በመፍታት አይድከሙ፣ በግራይንደር ይቁረጧቸው። የነዳጅ ቧንቧና ታንክ ቅርብ ከሆነ እርጥብ ጨርቅ ይጋርዱ፣ አሸዋ የሞላ ባልዲም አጠገብዎ ይኑር። በእነዚህ መኪኖች ባሌስትራው ከአክስሉ በታች ስለሆነ ማሰሪያው ሲለቅ ወደ ታች ይወርዳል። ሁለተኛ ክሪክ ከሥሩ ይሁን፤ ከባድ ስለሆነ በእጅ ይዤ አወርደዋለሁ ብለው አይሞክሩ።

አሁን የጫፎቹ ብሎኖች ቀሩ፤ ቀኑን የሚበሉት እነሱ ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ማንጠልጠያውን ከሚሠሩት ሁለት ብረቶች አንደኛው ራሱ ጥርስ ያለው መሆኑ ነው። ብሎኑ እዚያ ውስጥ ተጠምዝዞ ይገባና ከኋላው ዳዶ ይቆልፈዋል። ዳዶውን ፈትቶ ብሎኑን በመዶሻ መምታት ጥርሱን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም። ዳዶው ከወጣ በኋላ ብሎኑም እየተጠመዘዘ መውጣት አለበት።

ብሎኑ ዞሮ ግን ካልወጣ፣ ወይም ሲዞር ጎሚኒው አብሮ ከተጠመዘዘ፣ ከጎሚኒው ውስጠኛ ቀለበት ጋር በዝገት ተጣብቋል። ረጅም ቧንቧ በመፍቻ ላይ ሰክቶ መታገል የብሎኑን ጭንቅላት ይቆርጣል፣ የሻሲውንም ጆሮ ያጣምማል። በባሌስትራው ጫፍና በማንጠልጠያው ብረት መካከል ባለው ክፍተት በሴጌቶ ወይም በቀጭን የግራይንደር ድንጋይ ይቁረጡት። ማንጠልጠያውም ብሎኑም በአዲስ ስለሚተካ የሚጠፋ ነገር የለም። የሻሲውን ብረት እንዳይነኩ ብቻ ይጠንቀቁ።

ጎሚኒው

አንደኛው ጎሚኒ ሻሲው ውስጥ ተጠቅጥቆ የተቀመጠ ነው። ብዙዎች ይህን ትተው ባሌስትራውን ብቻ ይለውጣሉ። አዲስ ባሌስትራ በላላ ጎሚኒ ላይ ሲሰቀል አክስሉ በየጉድጓዱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ መሪውም ሾፌሩን አይሰማም።

አንዳንዱ የጎሚኒውን ጎማ በእሳት ያቃጥለዋል። ጭሱ ሳንባን ይጎዳል፣ እሳቱም ነዳጅ አጠገብ ነው፤ ይህን መንገድ አልመክርም። ጎማውን በመሰርሰሪያ ዙሪያውን በስቶ ውስጠኛውን ቀለበት ማውጣት ይቻላል። ከዚያ የቀረውን የውጭ ቀለበት የሴጌቶ ምላጭ አስገብተው በርዝመቱ ይሰንጥቁት፣ በመሮም ወደ ውስጥ አጥፈው ያውጡት። ምላጩ የውጩን ቀለበት ጨርሶ የሻሲውን ብረት መቁረጥ ሲጀምር ስሜቱ ይለወጣል፤ በየጥቂቱ እያወጡ ይመልከቱ።

አዲሱን በመዶሻ አይምቱት። ረጅም ጥርስ ያለው ብሎን፣ ሁለት ወፍራም ሮንዴላና የጎሚኒውን የውጭ ቀለበት ብቻ የሚገፋ ቁራጭ ቧንቧ ይበቃል። ዳዶውን ሲያጠብቁ ጎሚኒው ቀስ ብሎ ይሳባል። ግፊቱ ውስጠኛው ቀለበት ላይ ካረፈ ጎማው ገና ሥራ ሳይጀምር ይቀደዳል። ለማለስለስ የሳሙና ውኃ ይጠቀሙ፤ ግሪስና ዘይት ጎማ ይበላሉ። ግሪስ የሚቀባው የብሎኑ ለስላሳ አካል ብቻ ነው፣ ሌላ ጊዜ እንዳይጣበቅ።

ሲገጠም

አዲሱን ባሌስትራ በክሪክ አንስተው የማይንቀሳቀሰውን ጫፍ መጀመሪያ፣ ከዚያ የማንጠልጠያውን ጫፍ ያስገቡ። ብሎኖቹን በጣት ብቻ ያስይዙ። በመፍቻ ማጥበቅ አሁን አይደለም።

ባሌስትራውን ወደ አክስሉ ሲያነሱ የመሀል ፔርኖው ጭንቅላት በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ መግባት አለበት። አክስሉን በቦታው የሚይዘው ይህች ጭንቅላት ናት። ካልገባ አክስሉን በብረት ዘንግ ወደፊትና ወደ ኋላ ነቅነቅ ያድርጉት። በዩ ቦልት ሳብ አድርጌ አስገባዋለሁ ማለት ፔርኖውን መቁረጥ ነው።

ዩ ቦልቶቹን አስገብተው አራቱን ዳዶዎች በሰያፍ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ እያቀያየሩ፣ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ። የጥርሱ ርዝመት በሁለቱም በኩል እኩል እንዲወጣ ያድርጉ። የመጨረሻው ልክ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ የተጻፈው ነው፤ ልክ የሚያሳይ መፍቻ ከጎረቤት ጋራዥ መዋስ ለዚህች ሰዓት ተገቢ ነው። ሾክ አብዞርበሩን መልሰው ወደ ሌላኛው ጎን ይሂዱ።

መሬት ላይ ማጥበቅ

ሁለቱም ጎን ሲያልቅ ጎማዎቹን ይግጠሙ፣ መቆሚያዎቹን ያውጡ፣ መኪናውን መሬት ያስነኩ። አንድ ሰው የኋላ መከላከያው ላይ ቆሞ ደጋግሞ ያወዛውዝ፤ ከዚያም በእግር ጉዞ ፍጥነት ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት። የጫፍና የማንጠልጠያ ብሎኖች የሚጠብቁት ከዚህ በኋላ፣ የመኪናው ክብደት በሙሉ ባሌስትራው ላይ ሳለ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ የጎሚኒው ውስጠኛ ቀለበት በብረቶቹ መካከል ተቆንጥጦ ይያዛል፤ ውጩ ደግሞ ከባሌስትራው ወይም ከሻሲው ጋር ነው። ባሌስትራው ሲንቀሳቀስ የሚታጠፈው በመሀል ያለው ጎማ ብቻ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ካሰሩት፣ ጎማው ያንን የተንጠለጠለ ቦታ እንደ ማረፊያው ይይዘዋል። መኪናው ሲወርድ ያለ ምንም ጭነት ተጠምዝዞ ይቆማል፤ ጭነትና ጉድጓድ ሲጨመርበት ከመጠን በላይ ተጠምዝዞ ይቀደዳል። በዚህ ላይ የተጠመዘዘው ጎማ ባሌስትራውን ወደ ላይ ስለሚገፋው መኪናው ከልኩ በላይ ቆሞ፣ ጠጣር ሆኖ ይነዳል። ባለቤቱም “አዲሱ ባሌስትራ ደረቀ” ብሎ ዕቃውን ይወቅሳል።

ጥርስ ያለው የማንጠልጠያ ብረት ላይ መጀመሪያ ብሎኑን፣ ከዚያ ብሎኑ እንዳይዞር ይዘው ቆላፊውን ዳዶ ያጥብቁ። ባዶ መኪና ላይ ማንጠልጠያው ሲታይ ባሌስትራው ሲረዝም የሚሄድበት ቦታ ሊኖረው ይገባል። የባሌስትራውን ጫፍ የያዘው ታችኛው በኩሉ ወደ ውጭ እስከ መጨረሻው ተለጥጦ ከቆመ የተሳሳተ ርዝመት ያለው ባሌስትራ ተገዝቷል።

የፊቱም ሥራ በዚሁ መንገድ ነው። የሚጨመረው ጥንቃቄ የመሪው ዘንጎችና የሁለቱ ጎማዎች የፍሬን ቱቦ ናቸው፤ ከጨረሱ በኋላ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረው ምንም ነገር እንደማይነካ ይዩ።

ከሙከራ በኋላ

መጀመሪያ በከተማው ውስጥ በዝግታ ነድተው ፍሬኑን ደጋግመው ይያዙ። ወደ አንድ ጎን ካልሳበ ወደ ጅሬን አቀበት ይውጡና ይውረዱ፤ ቁልቁለቱ መሪና ፍሬን አብረው ሲሠሩ ያሳያል። ሲመለሱ ከሥር ገብተው አዲስ የብረት መፋጨት ምልክት ካለ ይፈልጉ። የፊት መብራቱም ከፍታ ስለሚለወጥ ያስተካክሉት፤ አለዚያ በማታ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

ዩ ቦልቶቹን አጋሮ ደርሶ መልስ ያህል፣ ማለትም ወደ 90 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ያጥብቁ። ብረቶቹ ሲቀማመጡ ማሰሪያው ይላላል፤ የመሀል ፔርኖ የሚቆረጠውም አብዛኛውን ጊዜ በላላ ዩ ቦልት ምክንያት ነው። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ይድገሙት።

አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ይወርዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የጻፉትን ልክ አውጥተው ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ያወዳድሩ። አሁንም ካዘነበለ የሾፌሩና የተሳፋሪው ባሌስትራ ተቀያይሮ እንዳልገባ ያጣሩ። ይህ ደህና ከሆነ የጫፍ ብሎኖቹን መሬት ላይ እንዳለ አላልተው፣ አወዛውዘው፣ መልሰው ያጥብቁ። ያም ካልፈታው ቀሪው ሻሲው ነው። ከግራ የፊት ማሰሪያ እስከ ቀኝ የኋላ ማሰሪያ፣ ከዚያም ከቀኝ የፊት እስከ ግራ የኋላ በሰያፍ ይለኩ። ሁለቱ ርቀቶች ካልተቀራረቡ ሌላ ባሌስትራ አይግዙ፤ መኪናውን ሻሲ ወደሚያቀና ባለሙያ ይውሰዱት።